የሕንድ ልብስ፣ የሀገር ናፍቆትና 31 መልሶች

ይሄን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተችው ቪሻካፓትናም ማስተርሷን የምትማር ልጅ ናት። እዚያ ያሉ ልጆች ከተማዋን ቪዛግ ነው የሚሏት፤ ደቡብ ምሥራቅ ሕንድ ያለች የወደብ ከተማ ናት። የክፍል ጓደኛዋ ለእህቷ ሰርግ ጠራቻትና ሳሪ አዋሰቻት። ሳሪ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም ወጥ ጨርቅ ነው። ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው። ልጅቷ በሯን ዘግታ፣ ስልኳን ግድግዳ አስደግፋ፣ ቪዲዮ እያየች ልትለብሰው ታገለች። ሽንሽኑን በአንድ በኩል ስትይዘው በሌላው ይፈታል። ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችው ይንሸራተታል። በስተመጨረሻ ጨርቁ እንደተጠቀለለባት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰርጉ ላይ በጂንስ ተገኘች።

ጥያቄዋ ሁለት ነው። ይሄን ልብስ እንዴት ልልመደው? ደግሞስ በአንድ ጨርቅ ሰበብ አገሬ እንዲህ የናፈቀኝ ለምንድን ነው?

ከሥሩ 31 መልስ አለ። ሁሉንም አንብቤ የማቀርበው ለትምህርትም ለሕክምናም ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። አብዛኛው መላሽ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሶ ሁለተኛውን ዘሎታል። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ግን ሁለተኛው ነው።

1ኛዋ መላሽ ከፑኔ ናት፤ ትሕትና አላት። ሳሪ የመጀመሪያ ልብስ መሆን እንደሌለበት መከረች። የሕንድ ሴት ተማሪዎች ራሳቸው በአዘቦት ቀን ክፍል የሚገቡት በኩርታ ወይም በሳልዋር ካሚዝ ነው። ረጅም ሸሚዝ፣ ሰፊ ሱሪ፣ ከላይ ዱፓታ የሚሉት ሻርፕ። ዱፓታው ነጠላ ለለመደች ሴት አይከብዳትም፤ አደራረቡን ትከሻዋ ያውቀዋል። 2ኛው በዚህ ተስማምቶ የጨርቁን ነገር ጨመረ። ቪዛግ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱም ይከብዳል፤ ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ፖሊስተር እዚያ አየር ላይ ላብ ይዞ ከሰውነት ጋር ይጣበቃል። ጥጥ እንድትጠይቅ፣ ቀለሙ እንዳይለቅም መጀመሪያ ለብቻው እንድታጥበው ነገራት።

3ኛው ወንዶችን ማንም እንዳልጠየቀ አስታውሶ ስለ ራሱ ጻፈ። ደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ ሲማር ሙንዱ መልበስ ጀመረ። ሙንዱ ነጭ ሽርጥ ነው። ሲሞቅ ወይም ሥራ ሲኖር ወደ ላይ አጥፈው ጉልበት ላይ ያስሩታል። ትልቅ ሰው ሲመጣ ግን ፈትተው እስከ ቁርጭምጭሚት ይለቁታል። ይሄን ሳያውቅ አጥፎ እንዳሰረው ከአከራዩ አባት ፊት ቆሞ ሲያወራ ቆየ። ሽማግሌው አልተቆጡትም። ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው ፈቱለትና ወሬያቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ቤተኛ ሆንኩ ይላል።

4ኛው መልስ የክሩ ልብ ነው። ጸሐፊዋ ሃይደራባድ ለረጅም ጊዜ የኖረች ሴት ናት። ልጅቷን እህቴ እያለች ከመጀመሪያው ጀመረች። አዲስ ሳሪ ተገዝቶ ዝም ብሎ አይለበስም። ታችኛው ጠርዙ ላይ ከውስጥ በኩል ፎል የሚባል የጥጥ ጨርቅ ይሰፋለታል፤ እሱ ነው ክብደት ሰጥቶ ሽንሽኑን ቁልቁል የሚይዘው። ጫፎቹም ይዘመዘማሉ፤ ይሄኛውን ፒኮ ይሉታል። ሁለቱንም የሚሠሩ ትናንሽ ሱቆች በየሰፈሩ አሉ። የብላውዙ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከሳሪው ጫፍ ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ ተቆርጦ ለልብስ ሰፊ ይሰጣል። የሰርግ ወቅት ከሆነ ሰፊው ቀን ስለሚያበዛ አስቀድሞ መሄድ ነው።

አለባበሱንም ደረጃ በደረጃ አስቀመጠችው። መጀመሪያ ጫማ፤ የሳሪው ርዝመት የሚለካው በተረከዙ ነውና። ከዚያ ብላውዝና የውስጥ ቀሚስ። ከእምብርት ትንሽ ወደ ቀኝ ጀምሮ ጨርቁን ወደ ውስጥ እየሸጎጡ አንድ ዙር መዞር። ሽንሽኑን በመዳፍ ስፋት እያጠፉ ከአምስት እስከ ሰባት ማድረግ። ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ፣ በመርፌ ቁልፍ ይዞ፣ እምብርት ላይ መሸጎጥ። የቀረውን ደረት ላይ አሻግሮ በግራ ትከሻ መጣል፤ እዚያም አንድ መርፌ ቁልፍ። ይሄ ኒቪ የሚባለው፣ ደካን ከሚባለው ከደቡብ ሕንድ አምባማ አካባቢ የመጣውና ዛሬ በመላ ሕንድ በብዛት የሚለበሰው ዓይነት ነው። በማሃራሽትራ ግዛት ዘጠኝ ያርድ ጨርቅ በእግሮች መሐል አሳልፈው ይለብሳሉ። ጉጃራት ደግሞ ጫፉን ከኋላ በቀኝ ትከሻ ወደ ፊት ያመጡታል።

ቀጥላ የጻፈችው ነው ክሩን ለሌላ ሰው እንዳሳይ ያደረገኝ። ይሄን ልብስ ብቻዋን፣ በር ዘግታ የተማረች ሕንዳዊት እሷ አላየችም። እናት ወይም አክስት ወይም የዶርም ጓደኛ እግሯ ሥር ተንበርክካ ሽንሽኑን ከታች እየሳበች ታስተካክልላታለች፤ ሌላዋ ትከሻዋ ላይ መርፌ ቁልፍ ታስገባለች። ልጅቷን ያስለቀሳት ጨርቁ እንዳልሆነ ነገረቻት። ለሌላ ሴት ሁለት ሦስት ሰው የሚረባረብበትን ነገር እሷ ከስልክ ጋር ብቻዋን ሆና ስትሞክረው ሰው እንደሌላት ታወቃት። እዚህ አገር ቤትስ ሐበሻ ቀሚስ ስንለብስ መቀነቱን የሚያስርልን፣ ነጠላውን ከኋላ የሚያስተካክልልን ሰው አለ አይደል? ምክሯ አንድ ነው። ጨርቁን እንዳለ ይዛ ጎረቤቷን እንድታንኳኳ። የቋንቋ ነገር አያስጨንቃት፤ ሳሪ ይዛ በር ላይ የቆመች ልጅ የምትፈልገው ለማንም ግልጽ ነው።

ልጅቷ 5ኛ ላይ አመስግና ሌላ ነገር ጠየቀች። ለሚቀጥለው ሰርግ የራሷን ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ብትለብስስ? 6ኛው ነጭ የማያምርበት ቦታ የለም ብሎ አበረታታት። 7ኛዋ ወዲያው አረመችው። በብዙ የሕንድ አካባቢ፣ በተለይ በሰሜን፣ በሂንዱ ልማድ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው። ባል የሞተባት ሴት የምትለብሰውም ነጭ ነበር። ሙሽራ ቀይ ትለብሳለች፤ እንግዳም ቀለም ያለው ነገር ነው የሚመርጠው።

እሷ ይሄን የተማረችው በራሷ ላይ ደርሶ ነው። ጃይፑር እያለች በትንሣኤ ቀን ነጭ በነጭ ለብሳ ስትወጣ ከታች ያለችው ጎረቤቷ እጇን ይዛ ማን እንደሞተባት ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት። በሌላ ጊዜ ደግሞ አያቷ አረፉ። መሄድ አልቻለችም። ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ሰነበተች። አንድም ሰው ነፍስ ይማር አላላትም። ይባስ ብሎ አንዷ ጥቁር እንደሚያምርባት ነገረቻት። ሐዘኑን ለብሳ እየዞረች የሚያነበው ሰው አጣች። ይሄን መልስ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ስለ ናፍቆት ከተጻፈው ሁሉ ይሄኛው ገባኝ።

8ኛው ሕንድ አንድ አገር ብቻ አይደለችም ብሎ 7ኛዋን በጨዋነት አረመ። ኬረላ ውስጥ ካሳቩ የሚባል፣ ነጣ ያለ ጥጥ ላይ የወርቅ ቀለም ጥለት ያለው ልብስ የደስታ ልብስ ነው። ኦናም በሚባለው በዓላቸው ሴቱ ሁሉ እሱን ለብሶ ይወጣል። ኦናም በነሐሴና በመስከረም አካባቢ ስለሚውል ከእንቁጣጣሽ ጋር የሚቀራረብበት ዓመት አለ። በር ላይም አበባ ይነጥፋሉ። የእሱ ሚስት በዚያ ቀን ጥለቱ ወርቃማ የሆነ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ብትወጣ ሴቶቹ ከበቧት። የትኛው የኬረላ መንደር እንደተሸመነ ነበር የሚጠይቋት።

9ኛው ከዚህ ተነስቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደን። ኬረላ ውስጥ የማላንካራ ኦርቶዶክስ አለች፤ ከኛ ተዋሕዶ ጋር በእምነት አንድ ናት። ጥር 1957 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ መሪዎችን አዲስ አበባ ሲሰበስቡ የቤተ ክርስቲያኗ መሪ፣ የሕንዱ ካቶሊኮስም መጥተው ነበር። ጸሐፊው የኬረላ ከተማ በሆነችው ኮታያም አንድ እሁድ ቅዳሴ ገባ። ጫማ በር ላይ ወልቋል። ሴቶቹ በሳሪያቸው ጫፍ ራሳቸውን ሸፍነው ለብቻ ቆመዋል። ቅዳሴው በማላያላም ስለሆነ ምንም አልያዘም። ኪርያላይሶን ሲባል ግን ከሕዝቡ ጋር አብሮ አለ። ናፍቆቱ ለዚያች ቀን ጋብ አለለት።

እስከዚህ ድረስ ክሩ እንደ ቤተሰብ ጨዋታ ነው። 10ኛው መጣና አየሩን ለወጠው። የራሷ የሚያምር የባህል ልብስ እያላት በሰው ልብስ ማልቀሷ ያሳፍራል አለ። እነሱ የኛን እንደማይለብሱ፣ እኛ ብቻ ሰው አገር ስንሄድ ራሳችንን እንደምንጥል ጻፈ። 11ኛዋ ከዚያ በባሰ ቃል መለሰችለት፤ እሱ ራሱ የለበሰው ሱሪና ሸሚዝ የየት ባህል እንደሆነ ጠየቀችው። ስድብም አለበት፤ እሱን ትቼዋለሁ።

12ኛው መልስ የአንድ አባት ነው። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ናቸው። በዚያን ጊዜ በየከተማው ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከኬረላ የመጡ። የእሳቸው የሒሳብ አስተማሪ ደጋ ላይ፣ በሰኔ ጭቃ፣ ሳሪ ለብሰው ነበር የሚመጡት። ከላይ ሹራብ ይደርባሉ። የሳሪው ጠርዝ ጭቃ እየነካ ይጠቁራል። ልጆቹ ይስቁባቸው ነበር። አንድ ክረምት የተማሪ እናት ጋቢ ሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ ሳሪያቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ጠመኔ ይዘው ሲያስተምሩ ማንም አልሳቀም። 10ኛውን ልጄ ብለው ነው የመከሩት። እነሱ የኛን አይለብሱም ያልከው ልክ አይደለም፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ አሉት። እኚህን አባት እርስዎ እያለ ያመሰገነ ብዙ ነው። ሦስት አራት ሰው ደግሞ የየራሱን የሕንድ አስተማሪ አስታወሰ።

10ኛው ተመልሶ 16ኛ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልተረታም። አሁን የያዘው ሃይማኖቱን ነው። ግንባር ላይ የሚደረገው ነጥብስ? 17ኛዋ ጥሩ አድርጋ ለየችው። ፀጉር መክፈያው ላይ የሚቀባው ቀይ ዱቄትና ጥቁር ዶቃ ያለው የአንገት ሐብል የባለትዳር ሂንዱ ሴት ምልክቶች ናቸው። የእግር ጣት ቀለበትም እንደዚያው። አምሮኝ ነው ተብሎ አይደረግም። የግንባሯን ነጥብ ግን ብዙ ወጣት ለጌጥ ብቻ ይለጥፋታል። ሕሊናዋን የሚከብዳት ካለች ትተወው፤ ሳሪ ያለ እሷ ይለበሳል።

18ኛው መራራ ነው። ዴልሂ አጠገብ የተማረ ልጅ ነው። ምን ብትለብስ ያው እንደሚያፈጡባት ጻፈላት። እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያው ዴልሂ አጠገብ፣ ግሬተር ኖይዳ ውስጥ አፍሪካውያን ተማሪዎች በመንጋ ሲደበደቡ ማንም ልብሳቸውን አላየም። ቤት ሲከራይ በስልክ እሺ ያሉት በአካል ሲያዩት ቤቱ ተይዟል እንዳሉት ጨመረ። 19ኛው ደቡብ እንዲህ አይደለም ብሎ ሊያጽናናው ሞከረ። ልጁ ተቆጣ፤ የደረሰበትን ላልደረሰበት ማስረዳት እንደሰለቸው ጽፎ ወጣ። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ አይዞህ ነው የሚባለው፤ የከተማ ንጽጽር ሌላ ቀን ይደርሳል። የሰው ዓይን ሲከብድ የሚመጣ ናፍቆት ደግሞ ከቡናና ከእንጀራ ናፍቆት ይለያል። ሳሪ አይፈታውም።

ቀጥሎ አንዲት ነርስ ጠቃሚ ነገር ይዛ መጣች። የሳሪው ክብደት ሁሉ የሚያርፈው የውስጥ ቀሚሱ ገመድ ላይ ነው። ጀማሪ እንዳይወልቅባት ብላ አንቃ ታስረዋለች። ለዓመታት ወገባቸውን አጥብቀው ያሰሩ ሁለት ሴቶች ወገባቸው ቆስሎ ቁስሉ ወደ ቆዳ ካንሰር መለወጡን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2024 በሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። ይሄ የሚያጋጥመው ከስንት አንድ ነው፤ ለአንድ ሰርግ የምትለብስ ልጅ አትፍራ። አዘውትራ የምትለብስ ግን ሰፊ መቀነት ያለው የውስጥ ቀሚስ ትምረጥ፣ የምታስርበትንም ቦታ ትለዋውጥ። 21ኛው የትራፊክ ነገር አነሳ። ሞተር ላይ ስትቀመጪ ዱፓታሽን ሰብስበሽ እሰሪ፤ ጎማ ከገባ አንገት ነው የሚይዘው። የሕንድ ሞተሮች የኋላ ጎማ ላይ የሳሪ መከላከያ ብረት የሚገጠምላቸውም ለዚህ ነው።

22ኛው መንገድ ሳተ፤ ደስ በሚል ሁኔታ። ስለ ማሊክ አምበር ጻፈ። ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ ሕንድ የደረሰው ሰው ደካን ውስጥ ንጉሥ ሆነ አለ። 23ኛው አረመው። ንጉሥ አልነበረም። በንጉሡ ስም የአሕመድናጋርን ሱልጣኔት የሚያስተዳድርና ጦሩን የሚመራ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1610 የቆረቆራት ካድኪ ኋላ አውራንጋባድ ተባለች። በ1626 ሞተ፤ መቃብሩ ኩልዳባድ አለ። ከአፍሪካ የሄዱ ሰዎች ዘሮች፣ ሲዲዎቹ፣ ዛሬም ጉጃራትና ካርናታካ ይኖራሉ። ሳሪ የሚለብሱ ሴቶችም አሏቸው። 24ኛው ክሩ ስለ ልብስ እንደሆነ አስታውሶ አጉረመረመ።

25ኛዋ ልጅቷ ራሷ ናት። ሳሪዋን ይዛ የሆስቴሉ ምግብ አብሳይ በር ላይ ቆመች። ሴትየዋ እጃቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ጠራርገው፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ ከራሳቸው ብላውዝ ነቅለው አለበሷት። ሲጨርሱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አዩዋትና ሽንሽኑን እንደገና ፈትተው አስተካከሉት። ናፍቆቱ እንዳልለቀቃት ጽፋለች። ግን አሁን ማታ ማታ ወጥ ቤት እየገባች ሽንኩርት ትከትፍላቸዋለች።

26ኛው መልስ ብዙ የፊደል ግድፈት አለበት፤ በስልክ ተቸኩሎ የተጻፈ ነው። የጻፉት ልጃቸውን ለልብ ቀዶ ሕክምና ቼናይ ይዘው የሄዱ እናት ናቸው። የያዙት ሁለት ቀሚስ ብቻ ነበር፤ ቆይታው ረዘመ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከጎናቸው የምትተኛ የሌላ ልጅ እናት የጥጥ ናይቲ ሰጠቻቸው። ናይቲ እዚያ የቤት ልብስ ነው፤ ደቡብ ያሉ ሴቶች ዱፓታ ደርበውበት ሱቅ ድረስ ይወጡበታል። እሱን ለብሰው ከሌሎቹ እናቶች ጋር መሬት ላይ ቁጭ ሲሉ እንግድነቱ ቀለላቸው። ዳቦ ያካፍሏቸዋል፤ ሐኪም ሲመጣ ይቀሰቅሷቸዋል። ልጁ ድኗል። ልብሱን ግን መልሱልኝ ያላቸው የለም፤ አዲስ አበባ ይዘውት መጡ። ከሥራቸው እናቴ እንኳን ማረልዎት ያለው ብዙ ነው።

ከዚያ ወደ እንጀራ ተሄደ፤ የማይቀር ነው። 27ኛው ጤፍ ያጣ ዳጉሳ ይግዛ አለ። ራጊ ብለው ይሸጡታል፤ ካርናታካ ውስጥ የየዕለት ምግባቸው ነው። 28ኛዋ ዳጉሳ ብቻውን ሲጋገር እንደሚሰባበርባት ተናግራ የስንዴ ዱቄት ትቀላቅላለች። 29ኛው የሩዝ ዱቄት ይሻላል ብሎ ተከራከረ። በዚያ ሙቀት አንድ ሌሊት ያቦካዋል፤ ዶሳ የሚሉትን ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበት የብረት ምጣድ ደግሞ ለመጋገር ይሆናል። እኔም ባንጋሎር እያለሁ የምሠራው ከስንዴ ጋር ነበር፤ ዓይኑ ጥሩ ይወጣል።

30ኛው ዘንድሮ ፑንጃብ ወዳለችው ፓቲያላ የሚሄድ አዲስ ተማሪ ነው። ሻንጣው ውስጥ ምን እንደሚይዝ ጠየቀ። የመለሰችለት የፑኔዋ ልጅ ናት፤ 31ኛ። ፑንጃብ በታኅሣሥና በጥር እንደሚበርድ፣ ብዙ ቤት ውስጥም ማሞቂያ እንደማይኖር ነገረችው። ወፍራም ሹራብና ጋቢ እንዲይዝ፣ ኩርታውን ግን እዚያው ገዝቶ በልኩ እንዲያሰፋ መከረችው።